ነጋዴዎቹ ያልፈለጉት ዩኒቨርሲቲ፦ የሃምቡርግ ታሪክ

[ምስል፦ የሃምቡርግ ወደብ፣ ክሬኖችና ኮንቴይነሮች]

ጀርመን ውስጥ ከ600 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሃይደልበርግ የተመሠረተው በ1386 ነው። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የምንጠራቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሃምቡርግ ግን ያን ያህል ሀብታም ከተማ ሆና እስከ 1919 ድረስ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም።

ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። ሃምቡርግ የነጋዴ ከተማ ናት። ቡናው፣ ቅመሙ፣ ላምባው የሚራገፈው እዚያ ነው። ልጅ መጽሐፍ ላይ ከሚያፈጥ ንግድ ቤት ገብቶ ሒሳብ ቢለምድ ይሻላል ባዩ ብዙ ነበር። ቨርነር ፎን ሜለ የሚባል የከተማዋ ሴናተር ግን ዩኒቨርሲቲ ያስፈልገናል ብሎ ዓመታት ሙሉ ተከራከረ። በ1913 ሐሳቡ ለከተማው ምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱም አይሆንም አለ።

ሜለ በጓሮ በር መግባት የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው።

[ምስል፦ ጉልላት ያለው ዋናው ሕንፃ]

ይህን ሕንፃ ልብ በሉት፤ ታሪኩ ኋላ እዚህ ይመልሰናል። ያሠራው በላምባ ንግድ የከበረ ኤድመንድ ዚመርስ የሚባል ነጋዴ ነው። በ1911 ለከተማዋ በስጦታ አስረከበ። ገና ዩኒቨርሲቲ የለም፤ የትምህርት አዳራሹ ግን ቆሟል። ውስጡ ከሚሠሩት አንዱ ደግሞ በ1908 የተከፈተው የቅኝ ግዛት ተቋም ነበር። ወደ አፍሪካ የሚላኩ የጀርመን ሹማምንትንና ነጋዴዎችን የሚያሠለጥን ማለት ነው። የአፍሪካ ቋንቋዎች ትምህርት ሃምቡርግ ውስጥ ሥር የሰደደው በዚህ በኩል ነው። ጥሩ መነሻ ነው ብዬ አላስውበውም።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ጀርመን ተሸነፈች፣ ንጉሡም ተሰደዱ። በ1919 ሠራተኛውም ሴቶችም በእኩል ድምፅ የመረጡት አዲስ ምክር ቤት ተቀመጠና የዩኒቨርሲቲውን ሕግ በመጋቢት ወር አጸደቀ። በግንቦት ተከፈተ። ንጉሥ ወይም መስፍን ሳይሆን በዴሞክራሲ የተመረጠ ምክር ቤት ያቋቋመው የመጀመሪያው የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ይህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የሚገርም ነው። ፊዚክስ ላይ ኦቶ ሽቴርንና ቮልፍጋንግ ፓውሊ ነበሩ፤ ሁለቱም ኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ፓውሊ ስሙን ያስጠራውን መርህ ያወጣው ሃምቡርግ እያለ ነው። የሚያስቀው ግን፣ ፓውሊ የገባበት ላብራቶሪ ዕቃው ይበላሻል ስለሚባል ሽቴርን ቤተ ሙከራዬ ድርሽ እንዳትል ብሎ ከልክሎት ነበር። እኛ ጋ ቢሆን ዓይኑ መጥፎ ነው ተብሎ ያበቃ ነበር! ፍልስፍናውን ኤርንስት ካሲረር፣ የሥነ ጥበብ ታሪኩን ኤርቪን ፓኖፍስኪ ያስተምሩ ነበር። ካሲረር በ1929 ሬክተር፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ ሆነ። አይሁዳዊ ሬክተር በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ብርቅ ነው።

ያ ዘመን ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙና አይሁዳውያን መምህራንን ማባረር ጀመሩ። ፓኖፍስኪ ያን ጊዜ ለማስተማር ኒው ዮርክ ነበር። መባረሩን የሚነግረው ረጅም ቴሌግራም በጀርመንኛ ደረሰው። የታሸገበት የቴሌግራፍ ኩባንያው ወረቀት ላይ ምን ተጽፎበታል? «መልካም የፋሲካ በዓል»። ካሲረርም ሽቴርንም አገር ለቀው ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቫርቡርግ የሚባለው የከተማዋ የሥነ ጥበብና የባህል ታሪክ ቤተ መጻሕፍት 60 ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት በሁለት መርከብ ተጭነው ወደ ለንደን ሄዱ።

[ምስል፦ የመዝገበ ቃላት ካርዶች]

አጋተ ላሽ ግን አልወጣችም። የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ሴት ፕሮፌሰር እሷ ናት፤ ማዕረጉን ያገኘችው በ1923 ነው። ሥራዋ የሰሜን ጀርመንን የአገሬው ንግግር ማጥናት ነበር። የወደብ ሠራተኛው፣ የገበያዋ ዓሣ ሻጭ የሚናገሩትን ቃል እየሰበሰበች የሃምቡርግን መዝገበ ቃላት ጀመረች። ከሥራ አባረሯት፤ መጻሕፍቷን ወሰዱባት፤ በ1942 ወደ ላትቪያዋ ሪጋ አግዘው ገደሏት። መዝገበ ቃላቱን ሌሎች ቀጠሉት። የመጨረሻው፣ አምስተኛው ቅጽ የወጣው በ2006 ነው። ያን የከተማ ቋንቋ ያዳነችውን ሴት የገዛ ከተማዋ አላዳነቻትም።

[ምስል፦ ጥቁር ጨርቅ የያዙ ሁለት ተማሪዎች፣ 1967]

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ብዙ ነገር ባለበት ቀጠለ። ኅዳር 9 ቀን 1967 አዲሱ ሬክተር ሥልጣን የሚረከብበት ሥነ ሥርዓት ነበር። ፕሮፌሰሮቹ ካባቸውን ደርበው በሰልፍ ወደ ትልቁ አዳራሽ ሲገቡ ሁለት ተማሪዎች ከፊታቸው ቀድመው ጨርቅ ዘረጉ። ጽሑፉ «ከካባው ሥር የ1000 ዓመት ሻጋታ» ይላል። ነገሩ ስለ አሮጌ ልብስ አይደለም። ሂትለር አገዛዜ ሺህ ዓመት ይኖራል ይል ነበርና ተማሪዎቹ የነኩት እሱን ነው። አንድ ፕሮፌሰር ተናዶ «ቦታችሁ ማጎሪያ ካምፕ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። ይህን ብሎ የእነሱን ነጥብ አረጋገጠላቸው።

በዓመቱ ተማሪዎቹ ጉልላት ያለው ዋናው ሕንፃ አጠገብ የቆመውን ሐውልት በገመድ ጎትተው ጣሉት። የሄርማን ፎን ቪስማን ሐውልት ነው፤ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረው። መጀመሪያ የቆመው ዳሬሰላም ነበር። ጀርመን ቅኝ ግዛቷን ስታጣ ወደ ሃምቡርግ አምጥተው በ1922 ተከሉት። ከእግሩ ሥር ቀና ብሎ የሚያየው አፍሪካዊ ወታደርም አብሮ ተቀርጿል። እኔ ብጠየቅ በጣም ዘግይተዋል።

አሁንስ? ዩኒቨርሲቲው ከ40 ሺህ በላይ ተማሪ አለው። በ2019 የመንግሥት ልዩ የምርምር ድጎማ ከሚያገኙት ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ ገባ፤ በተለይ የአየር ንብረት ጥናቱ ስም አለው። የትምህርት ክፍያ የለም። በየሴሚስተሩ ግን ከ300 ዩሮ በላይ መዋጮ ይከፈላል፤ የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት እዚያው ውስጥ አለ። ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ ዋናው ፈተና ለቪዛ የሚጠየቀው የዝግ አካውንት ነው፤ ገንዘቡን አስቀድመው አስገብተው በየወሩ እየቆነጠሩ የሚያወጡበት ማለት ነው፤ ለአንድ ዓመት ወደ 12 ሺህ ዩሮ።

ለአዲስ ገቢ ጥቂት ምክር። ፕሮግራሙ ላይ ከ«10» አጠገብ «ሲ ቲ» (c.t.) የሚሉት ሁለት ፊደላት ካሉ ትምህርቱ የሚጀምረው 10 ከሩብ ነው። ውጤት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ትልቁ 1 ሲሆን፣ 4 ማለት ለጥቂት አለፍክ ማለት ነው። ስለዚህ «አራት ነጥብ አመጣሁ» ብላችሁ እንዳትፎክሩ። ሌክቸር ሲያልቅ ጠረጴዛ ሲደበደብም አትደንግጡ፤ የእነሱ ጭብጨባ ነው።

[ምስል፦ የብራና መጽሐፍ ገጾች]

እኛን የሚመለከተው ክፍልም አለ። ሃምቡርግ ግእዝና አማርኛ ከሚጠኑባቸው ዋና የአውሮፓ ቦታዎች አንዷ ናት። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ትላልቅ ቅጾች የወጣው ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሚያትት ኢንሳይክሎፒዲያ የተዘጋጀው እዚያ ነው። የጥናት ማዕከሉ የተሰየመው ግእዝና አማርኛ ባጠናው የ17ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊ ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ነው። ሉዶልፍን ያስተማሩት ግን አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ሮም፣ ከሮም ደግሞ ጀርመን ውስጥ እስካለችው ጎታ ድረስ የሄዱት ካህን። ስሙ ለተማሪው ደረሰ፣ ለመምህሩ አልደረሰም። ቢያንስ አንድ አዳራሽ አይገባቸውም ትላላችሁ?

ከ2016 ጀምሮ ደግሞ «ቤተ መጻሕፍት» የሚባል ፕሮጀክት ይዘዋል። የብራና መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ይመዘግባሉ፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ኅዳጉ ላይ ምን ተጨመረበት። ሥራው እስከ 2040 እንዲዘልቅ የታቀደ ነው። መዝገቡ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ተከፍቷል፤ የምታውቁትን ገዳም ስም ፈልጋችሁ ምን እንደተመዘገበ ማየት ትችላላችሁ።