የቲን ጉድጓዶችና የአትላንቲክ ገደል፦ ስለ ኮርንዎል የእግር ጉዞ ለጠየቃችሁ

ባለፈው ዝግጅታችን በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል የባሕር ዳርቻ በአስጎብኚ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ አውርተን ነበር። ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። በአየር ላይ ያልደረስንባቸውን ጥያቄዎች ጨምረን መልሶቹን በጽሑፍ አቅርበናል። መላሹ በዚያው ዳርቻ እንግዶችን የሚመራ አስጎብኚ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበርሚንግሃም የደወለች አድማጭ፦ አንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ባሕር ማየት ነው የምፈልገው። የፈረሰ ማዕድን ማውጫ ምን ያደርግልኛል? ጉዞውን ለምን ከእሱ ጋር ታያይዙታላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚያ ሰፈር ሁለቱን መለየት አይቻልም። ከሴንት ጀስት ከተማ ወጣ ብሎ ቦታላክ የሚባል ቦታ አለ። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመሽ ቁልቁል ስታዪ ሁለት የድንጋይ ቤቶች አለቱ ላይ ተለጥፈው ታገኛለሽ። ጣሪያ የላቸውም። ጭስ ማውጫቸው ግን እንደቆመ ነው። ኃይለኛ ማዕበል ሲመጣ አረፋው ወደ ታችኛው ቤት ሊደርስ ምንም አይቀረው። ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ምን ዓይነት እብድ ነው እዚህ ቤት የሠራው?" ብሎ ነው።

ቤቶቹ መኖሪያ አልነበሩም። የእንፋሎት ሞተር የሚተከልባቸው ናቸው። የታችኛው በ1835 የተሠራው ከጉድጓዱ ውኃ ለመሳብ ነው። የላይኛው በ1862 ተሠራ። ሥራው ከባሕሩ ወለል ሥር በሰያፍ ከሚወርድ ጉድጓድ ፉርጎ እየጎተተ ማውጣት ነበር። በ1865 የዌልስ ልዑልና ባለቤቱ በዚያው ጉድጓድ ባሕር ሥር ወርደው ጎብኝተዋል። ይህን ሳታውቂ ብታልፊ ቆንጆ ፎቶ ይኖርሻል፣ በቃ። ካወቅሽ ግን ያን ሰማያዊ ውኃ የምታዪበት ዓይን ይለወጣል። ዩኔስኮ በ2006 የኮርንዎልንና የምዕራብ ዴቨንን የማዕድን አካባቢ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የሴንት ጀስት ዳርቻ ከተመዘገቡት 10 ሥፍራዎች አንዱ ነው።

ከስቶክሆልም የደወለ አድማጭ፦ ሻኪሶ ነው ያደግሁት፣ ወርቅ ሲወጣ እያየሁ። ውኃ እንዴት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ባሕር ሥር ሲቆፍሩ ባሕሩ አልገባባቸውም?

መልስ፦ የሻኪሶ ልጅ ጥያቄ ነው! ገብቶባቸዋል እንጂ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከ275 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ ከሥር ገፍቶ ወጣና ቀዝቅዞ ግራናይት ሆነ። በዙሪያው ስንጥቆች ተፈጠሩ። በስንጥቆቹ ያለፈው ትኩስ ፈሳሽ ቲንና መዳብ ትቶ ሄደ። ቲን ከመዳብ ጋር ሲቀላቀል ነሐስ የሚሆነው፣ የምግብ ጣሳ የሚለበጥበት ማዕድን ነው። በሴንት ጀስት በኩል የማዕድኑ ሥሮች ከገደሉ ወደ ባሕሩ ይዘልቃሉ። ቆፋሪው ሥሩን ተከተለ። ሥሩ ባሕር ሥር ሲገባ እሱም ተከትሎ ገባ።

ውኃውን ሌት ተቀን መሳብ ግድ ነበር። ኮርንዎል ደግሞ የድንጋይ ከሰል የላትም። ከደቡብ ዌልስ በመርከብ ይመጣላታል፣ ዋጋውም ይቆነድዳል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በትንሽ ከሰል ብዙ የሚሠራ ሞተር ላይ ተጠበቡ። መሐንዲሱ ሪቻርድ ትሬቪቲክ ከዚያው ከኮርንዎል የወጣ ሰው ነው። በ1804 ዌልስ ውስጥ በሐዲድ ላይ ጭነት የጎተተውን የመጀመሪያውን የእንፋሎት ባቡር የሠራው እሱ ነው።

ከቦታላክ ትንሽ ወደ ሰሜን ሌቫንት የሚባል ማዕድን ማውጫ አለ። ዋሻዎቹ ከባሕሩ ወለል ሥር ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። በዚህ ዳርቻ የሠሩ ቆፋሪዎች ማዕበል ሲነሳ ድንጋይ ከራሳቸው በላይ ሲንከባለል ይሰሙ ነበር። አስበው! በሌቫንት አንድ ቦታ ላይ ማዕድኑን ተከትለው ወደ ላይ ሲቆፍሩ ከባሕሩ ወለል ጋር የነበረው ጣሪያ ሳስቶ ኋላ ላይ ባሕሩ ሰበረ። ቀዳዳው የተደፈነው በ1960ዎቹ፣ ጎረቤቱ የጊቮር ማዕድን ማውጫ ያን አካባቢ ዳግም ሊሠራበት ሲፈልግ ነው።

ትልቁን ሐዘን ያመጣው ግን ውኃው አይደለም። ሌቫንት ውስጥ ሰው የሚወጣውና የሚወርደው በአንድ የተለየ ማሽን ነበር። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ረጅም የእንጨት ምሰሶ አለ። ሞተሩ ምሰሶውን ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ያነሳዋል፣ መልሶ ያወርደዋል። ምሰሶው ላይ በልክ በልኩ መርገጫ ተመቷል፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ላይም እንዲሁ። ሠራተኛው ምሰሶው ላይ ይቆማል። ከፍ ሲል ወደ ግድግዳው ይሻገራል። ምሰሶው ወርዶ ሲመለስ የሚቀጥለው መርገጫ ላይ ይወጣል። እንዲህ እያለ፣ በጨለማ፣ አንድ በአንድ። ጥቅምት 20 ቀን 1919 ከሰዓት በኋላ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ ምሰሶውን ከላይ የያዘው ብረት ተሰበረ። 31 ሰው ሞተ። ማሽኑ አልተተካም። የታችኞቹ ዋሻዎች ተተዉ፣ ማዕድኑም በ1930 ተዘጋ። ዛሬ ከቆፋሪዎቹ ልብስ መቀየሪያ ቦታ በጠመዝማዛ ደረጃ ወርደህ፣ በመተላለፊያው አልፈህ፣ ያን ጉድጓድ ከአፉ ላይ ታየዋለህ። እዚያ ስደርስ ብዙ አላወራም።

ከሊድስ የደወሉ እናት፦ ልጄ ለልደቴ ጉዞውን ገዝታልኛለች። 63 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም ደህና አይደለም። እችለዋለሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ መልካም ልደት! መጀመሪያ ልጅዎ የገዛችው የትኛውን እንደሆነ ትንገርዎት። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየቀኑ ከእንግዳ ማረፊያ ወደ እንግዳ ማረፊያ እየሄዱ የሚያድሩበት ነው። ሻንጣው በመኪና ይቀድምዎታል፣ እርስዎ ግን የዕለቱን መንገድ መጨረስ ይኖርብዎታል። ሁለተኛው አንድ ቦታ አርፈው ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበት ነው። ጉልበትዎ ካመመ ሁለተኛው ይሻላል። አንድ ቀን ቢያርፉ ማንም ምንም አይልዎትም።

ከሴንት አይቭስ እስከ ዘነር ያለውን መንገድ ግን ይለፉት። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሲባል ቀላል ይመስላል። ድንጋይ ላይ መዝለል፣ ረግረግ፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ደግሞ ዳገት ነው። ወጣቶቹም እዚያ ምላሳቸው ይወጣል። ከፔንዲን የመብራት ማማ እስከ ኬፕ ኮርንዎል ያለው ይስማማዎታል። ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የማዕድኑ ታሪክ ያለውም እዚያው ነው። ሁለት መመርኮዣ ዘንግ ይያዙ፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ላይ ነው። አዲስ ጫማ ገዝተው በዚያው ቀን እንዳይጀምሩ፣ አደራ።

ከለንደን የደወለ አባት፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ 8 እና 11 ዓመት። አያሰጋም?

መልስ፦ ከመንገዱ ካልወጡ አያሰጋም። ከወጡ ግን ያሰጋል፣ ይህን አለሳልሼ አልነግርህም። አካባቢው በአሮጌ ጉድጓዶች የተበሳሳ ነው። የታወቁት ተከድነዋል ወይም በድንጋይ ካብ ታጥረዋል። ሜዳ ላይ በር የሌለው ክብ ካብ ካየህ የበግ በረት አይምሰልህ፣ ውስጡ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ልጅ ደግሞ ካብ ሲያይ መውጣት ያምረዋል።

ሁለተኛው አርሴኒክ ነው። ከቲኑ ጋር አብሮ የሚወጣ መርዝ ነው። ቦታላክ ላይ ማዕድኑን ጠብሰው ጭሱን በተጠማዘዘ መተላለፊያ ይነዱታል። አርሴኒኩ ግድግዳው ላይ እንደ ነጭ ዱቄት ይጋገራል። ከዚያ ሰው ገብቶ ይፍቀዋል። መከላከያቸው አፍንጫ ውስጥ የተወተፈ ጥጥና ቆዳ ላይ የተቀባ ጭቃ ነበር፣ ሌላ የለም። የኮርንዎል አርሴኒክ አሜሪካ ድረስ ተሽጦ የጥጥ ተባይ ተገድሎበታል። መተላለፊያው ዛሬም ቆሟል። ልጆቹ ይዩት፣ ግን ምሳ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን አስታጥባቸው። የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ኪሳቸው ውስጥ እንዳይከቱም ንገራቸው። ቦታው በሕግ የተጠበቀ ነው።

ከማንቸስተር የደወለች ተማሪ፦ ስለ ወንዶቹ ብቻ ነው የምታወሩት። ሴቶቹስ?

መልስ፦ ልክ ነሽ። ኮርንዎል ውስጥ ሴቶች መሬት ሥር አይወርዱም ነበር፣ ላይ ግን በሺዎች ሆነው ይሠሩ ነበር። "ባል ሜይደን" ይሏቸዋል። ብዙዎቹ ገና ልጃገረዶች ናቸው። ከጉድጓዱ የወጣውን ድንጋይ በመዶሻ እየፈለጡ፣ ማዕድን ያለውን ከሌለው ይለያሉ። በፎቶ ስታያቸው ነጭ ሽርጥና ፊትን ከፀሐይና ከፍንጣሪ የሚከልል ነጭ የራስ መሸፈኛ አድርገዋል። ክፍያቸው ከወንዶቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር። አስጎብኚሽ ስለ እነሱ ካላነሳ ጠይቂው። ካላወቀ አስጎብኚ አልቀጠርሽም።

ከደብሊን የደወለች አድማጭ፦ በነሐሴ ነው የምንሄደው፣ ፍልሰታ ነው። የኮርንዎል ፓስቲ የሚባለውን መብላት እንችላለን?

መልስ፦ ዋናው አይሆንም። በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው፣ ውስጡ የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ የሚባል ሥራ ሥር ነው። ከ2011 ጀምሮ በዚያ ስም የሚሸጠው ኮርንዎል ውስጥ በተወሰነ አሠራር የተሠራ ብቻ ነው። የአትክልት ፓስቲም አለ፣ እሱ ግን ያታልላል፤ ሊጡ በቅቤ ሊቦካ ይችላል። "ቪጋን" የሚል ካለ ግን ጾም ነው፣ ዛሬ በብዙ ዳቦ ቤት ይገኛል። አስጎብኚዎች "ቆፋሪው ጠርዙን ይዞ ይበላና በአርሴኒክ የቆሸሸውን ጠርዝ ይጥለዋል" ይላሉ። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እኔ ግን አልነግርም። በድሮ ፎቶዎች ቆፋሪዎቹ ፓስቲውን በጨርቅ ጠቅልለው ነው የያዙት። የተራበ ሰው ዳቦ አይጥልም።

ከዋሽንግተን ዲሲ የደወለ የደባርቅ ልጅ፦ የላካችሁት ፎቶ ላይ ያለው ጥቁር ወፍ ስሜን ተራራ ላይ የማውቀው ነው። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ አልተሳሳትክም! ምንቃሩና እግሩ ቀይ፣ ላባው ጥቁር፣ የቁራ ዘመድ። እንግሊዞች "ቻፍ" ይሉታል። እኛ አገር ስሜንና ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራል። የኮርንዎል አርማ ላይ አለ፣ ከራሷ ከኮርንዎል ግን ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። በ2001 ማንም ሳያመጣው በራሱ ተመለሰ። ዛሬ በዚህ ዳርቻ ገደሉ ላይ ሲገለባበጥ ታየዋለህ።

ከፍራንክፈርት የደወሉ አድማጭ፦ ታዲያ ማዕድኑ ለምን ተዘጋ? ሰዎቹስ የት ሄዱ?

መልስ፦ እንደ እኛው ተሰደዱ። በ1860ዎቹ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፣ ከዚያ የቲንም ተከተለ። ኮርንዎላዊው መሣሪያውን ይዞ አሜሪካ፣ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ሜክሲኮ፣ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ሚስትና ልጆች ኮርንዎል ቀርተው ፖስታ ይጠብቃሉ። ገንዘቡ የሚመጣበት ቀን ሲዘገይ ሱቁም ይቀዘቅዛል። ነገሩ ለእርስዎም ለእኔም አዲስ አይደለም። ሜክሲኮ ውስጥ ፓቹካ ከተማ ዛሬም ፓስቲ ይጋገራል፣ በርበሬ ገብቶበት።

የመጨረሻው ዱላ በጥቅምት 1985 መጣ። የቲንን ዋጋ ደግፎ የያዘው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት ገንዘቡ አለቀና ዋጋው ተንኮታኮተ። ጊቮር በ1990 ተዘጋ። በኮርንዎል የመጨረሻው፣ ሳውዝ ክሮፍቲ፣ በ1998።

ከለንደን የደወለ አድማጭ፦ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ላንድስ ኤንድ የሚባለውን የምድሩን ጫፍ ተወው። የመኪና ማቆሚያና የፎቶ ምልክት ነው። ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ የሌሊቱን ባቡር ያዝ፣ ከቅዳሜ በቀር በየማታው ይነሳል፣ ጠዋት ፔንዛንስ ከተማ ያወርድሃል። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ፔንዲን መንደር። ጊቮርን በጠዋት ጎብኝ። የሠራተኞቹ ልብስ መቀየሪያ በመጨረሻው የሥራ ቀን እንደነበረ ነው። ቱታው ተሰቅሏል፣ ቁም ሣጥኖቹ ላይ የተለጠፈው ሁሉ እንዳለ ነው። ከሚያስጎበኙህ ውስጥ እዚያው የቆፈሩ አሉ። ብዙ ጠይቃቸው፣ ቸኩለህ አትውጣ። ከመሬት ሥር ያለው ዋሻ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅም ከሆንክ የሚሰጡህ ቆብ ይጠቅምሃል።

ከዚያ ወደ ደቡብ በእግር ሌቫንት፣ ቦታላክ፣ ኬፕ ኮርንዎል። የመንገዱ ምልክት የኦክ ዛፍ ፍሬ ነው፣ እሱን ከተከተልክ አትጠፋም። ሌቫንት ላይ በ1840 የተሠራው ሞተር እዚያው በቦታው በእንፋሎት ሲዞር ማየት ይቻላል፣ ግን ሁልጊዜ አይነሳም። ጊቮርም በየቀኑ ክፍት አይደለም። ትኬት ከመቁረጥህ በፊት የሁለቱንም ቀን አረጋግጥ። ዝናብ ልብስ በሐምሌም ቢሆን ያዝ።