ኮምፒውተር ላይ ልሥራው ወይስ ስልክ ላይ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ የለኝም።

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው አንድ ነገር ነው። ለነጋዴዎች የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ለኮምፒውተር ይሁን ወይስ ለስልክ? ጓደኞቼ ሁሉ “ስልክ ነዋ! አሁን ኮምፒውተር ማን አለው?” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ስልክ ያልያዘ ሰው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰውዬው ሥራውን የሚሠራው በምንድን ነው የሚለው ነው።

ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ። ካሸሯ ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ላይ ናት፤ ቁልፎቹን ሳታይ ነው የምትመታው። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ኢንተር፤ ቀጣይ ደንበኛ። እሷን “ስልክ ላይ በአንድ ጣት ጻፊ” ማለት ሥራዋን ማጓተት ነው። ወደ ሐይቁ ወረድ ስትሉ ደግሞ ዓሣ ነጋዴዋ ቆማ ነው የምትውለው። እጇ እርጥብ ነው። ስንት ቀረሶ እንደወጣ፣ የትኛው ምግብ ቤት በዱቤ እንደወሰደ በቃሏ ነው የምትይዘው። “ልጄ፣ ያንን ነገር መቼ ነው የምታመጣልኝ?” ትለኛለች።

በአንድ ኮድ ሁለቱንም ልድረስ ብዬ ፍላተር የሚባለውን የጉግል የፕሮግራም መሥሪያ አይቻለሁ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስንም በይፋ ይደግፋል። ኮዱ አንድ ይሁን፤ የካሸሯና የዓሣ ነጋዴዋ ገጽ ግን በጭራሽ አንድ አይሆንም። በአንድ ሰው ጉልበት ሁለት ፕሮግራም ነው። ሁለት ያጣ ጎመን መሆን አልፈልግም።

የስልኩ መንገድ ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ጉግል ፕሌይ ላይ መመዝገቢያው 25 ዶላር ነው፤ አንዴ ብቻ። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል፣ የራሱ የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክም ያስፈልጋል፤ እሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል በራሱ ጣጣ ነው። ጉግል ፕሌይ ላይ አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ደግሞ አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሊሞክሩለት ይገባል። ለዚህ ጓደኛ አይጠፋም። የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በየጊዜው ከአዲሱ አንድሮይድ ጋር ካላስማማችሁት፣ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው አፓችሁን ፕሌይ ላይ ላያገኘው ይችላል።

ዊንዶውስ በዚህ በኩል ይታገሣል። ከ10 ዓመት በፊት የተጻፈ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ዛሬም ይሠራል። በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ እጭናለሁ፣ በቴሌብር ይከፈለኛል። እርግጥ የፊርማ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ሠሪው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ማስረጃ፣ ያልተገዛለት ፕሮግራም ከኢንተርኔት ወርዶ ሲከፈት ዊንዶውስ ሰማያዊ ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። ባለሱቁ “ቫይረስ ነው!” ብሎ ይደነግጣል። ለዚህ ነው ራሴ ሄጄ የምጭነው።

መብራቱስ ትሉኝ ይሆናል። ስልክ ባትሪ አለው፤ ኮምፒውተር ድርግም ይላል። መረጃውን የማስቀምጠው ኤስኪውላይት በሚባል፣ እዚያው ማሽኑ ላይ በሚቀመጥ የመረጃ ቋት ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ሽያጩ ወይ ሙሉ በሙሉ ተመዝግቧል ወይ ጨርሶ አልተመዘገበም፤ ግማሽ ሒሳብ አይቀርም። የሰው ገንዘብ ነውና ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ኢንተርኔትን በተመለከተ አልደራደርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። ሱቆቹ ግን ይሸጡ ነበር። የምሠራው ነገር፣ ኮምፒውተርም ላይ ይሁን ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት።

እናም ወስኛለሁ፤ መጀመሪያ ለኮምፒውተር። መደብሩ ይከፍለኛል፤ እኔም ሥራዬን ሳላቋርጥ እቀጥላለሁ።

ዓሣ ነጋዴዋን ግን አልተውኳትም። ያንን ትልቅ ፕሮግራም አሳንሶ ስልኳ ላይ መጫን ምንም አይጠቅማትም። የሚያስፈልጋት አንድ ገጽ ነው፦ ማን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ፣ ከፈለ ወይስ አልከፈለ። የምትነካቸው ቦታዎች ትልልቅ መሆን አለባቸው። ስም ከመጻፍ ይልቅ በድምፅ ቀርጻ ብታስቀምጥስ? እሱን እያሰብኩ ነው። ከሁዳዴ በፊት ላደርስላት እፈልጋለሁ፤ በጾም ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ ዱቤውም አብሮ ይበዛል። እስከዚያው ማንበብና መጻፍ ለማይመቸው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ የደንበኞቹን ስም እንዴት እንዳስቀመጣችሁት በቴሌግራም በድምፅ ላኩልኝ።