መመለሻውን አስቀድሞ፦ በክሮሺያ ደሴቶች መካከል የአንድ ሳምንት የጀልባ ጉዞ ስናቅድ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ገና ስላልሄድኩት ጉዞ ነው። በመጪው መስከረም፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ እኔና እህቴ ከወዳጆቻችን ጋር ሆነን ክሮሺያ ውስጥ ባለ ሸራ ጀልባ ተከራይተን ለአንድ ሳምንት ከደሴት ደሴት ልንሄድ አስበናል። ሁላችንም የምንኖረው ጀርመን ነው። ክሮሺያ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ያነሱት የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ገብታለች፣ ገንዘቧም ዩሮ ሆኗል። ስለዚህ ከመካከላችን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙትም የጀርመን የመኖሪያ ፈቃዳቸው ቀኑ እስካላለፈ ድረስ ሌላ ቪዛ አይጠየቁም። የወረቀቱ ነገር በዚህ አለቀ። ያላለቀው የመንገዱ ነገር ነው።

የክሮሺያ ባሕር ትልቁም ትንሹም፣ ራቁቱን የቆመው አለትም ተቆጥሮ፣ ከ1,200 በላይ ደሴቶች አሉት። ሰው የሚኖርባቸው ሃምሳ ቢሆኑ ነው። ታዲያ ካርታው ሲከፈት ሁሉም ሰው የልቡን ይጠቁማል። አንዱ ዱብሮቭኒክን ካላየሁ ይላል። አንዷ ኮርቹላ ትላለች። እህቴ ብራች ደሴት ላይ ያለውን፣ እንደ ምላስ ወደ ባሕር የወጣውን ዝላትኒ ራት የሚባለውን የጠጠር ዳርቻ ትፈልጋለች። በቴሌግራም ስንጻጻፍ ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስላል። ጣት ካርታ ላይ ሲሄድ ንፋስ የለበትም።

እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ቆርጫለሁ፦ የምናቅደው ከመመለሻው ተነስተን ነው። ለምን መሰላችሁ? እዚያ አገር ጀልባ የሚከራየው ብዙውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ትረከባላችሁ። የምትመልሱት ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ቢሆንም፣ ጀልባዋ ዓርብ ማታ ወደተነሳችበት ማሪና፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያ ወደብ፣ ገብታ ማደር አለባት። ስለዚህ ሳምንት የተባለው በተግባር ከእሑድ ጠዋት እስከ ዓርብ ማታ ነው። የሸራ ጀልባ ደግሞ ደህና ንፋስ ካገኘች በሰዓት አምስት ወይም ስድስት ኖቲካል ማይል ትሄዳለች፤ አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ከምንነሳባት ከተማ ከስፕሊት ዱብሮቭኒክ በደሴቶቹ መካከል ሲኬድ ወደ 100 ኖቲካል ማይል ይሆናል። መሄጃው ብቻ ሃያ ሰዓት ማለት ነው። ረቡዕ እዚያ ደርሶ ሐሙስ መጥፎ ንፋስ የያዘው ሰው ዓርብን እንዴት እንደሚያሳልፍ አስቡት። ዱብሮቭኒክን በአውቶቡስ ሌላ ጊዜ እናያታለን አልኳቸው። የመጀመሪያው ክርክር በዚህ ተዘጋ።

ስለ ንፋስ ካነሳሁ አይቀር፣ የአድሪያቲክ፣ ማለትም የዚህ ባሕር ሰዎች ሦስት ንፋስ በስሙ ይጠራሉ። ማኤስትራል የበጋው ንፋስ ነው፤ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይተኛል። ሸራ ዘርግቶ ለሚሄድ ሰው ወዳጅ ነው። ቡራ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከተራሮቹ ላይ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ቀዝቃዛና ደረቅ ንፋስ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በድንገት እየገረፈ ይመጣል። ዩጎ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳው ነው፤ ሞቃት፣ እርጥብ፣ ደመናውን አስከትሎ ቀስ በቀስ የሚያድግ፣ ቀን በጨመረ ቁጥር ማዕበሉን የሚያሳድግ። ዩጎ ቢያንስ ሲመጣ ያስታውቃል። መስከረምን የመረጥነው ባሕሩ ገና ሙቅ ስለሆነ፣ የሐምሌና የነሐሴ ግርግር ስለሚያልፍና ኪራዩም ስለሚቀንስ ነው። ነገር ግን ወደ መጸው በተጠጋን ቁጥር ዩጎ እየበዛ ይሄዳል። ይህን አውቀን ነው የምንገባው።

ጀልባዋን የሚነዳልን ሰው እንቀጥራለን። ከመካከላችን የጀልባ መንጃ ፈቃድ ያለው የለም፤ ያለ ፈቃድና ያለ ሬዲዮ የምስክር ወረቀት ደግሞ ጀልባ አይሰጥም። ስኪፐር ብዙውን ጊዜ በቀን 200 ዩሮ አካባቢ ያስከፍላል፣ አልጋና ምግቡም በእኛ ላይ ነው። ውድ ነው የሚል ካለ፣ በዚህ ላይ አልደራደርም።

አሁን ስለ ስፕሊት ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። በስንክሳር ስሙን እየሰማችሁ ያደጋችሁት ዲዮቅልጥያኖስ፣ ክርስቲያኖችን ያሳደደው የሮም ንጉሥ፣ ቤተ መንግሥቱ ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ305 ዙፋኑን በፈቃዱ ለቆ ወደተወለደበት አካባቢ ተመለሰና ባሕር ዳር ባሠራው በዚህ ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሰዎች ዓመተ ሰማዕታት የሚሉት ዘመን መቆጠር የሚጀምረው እሱ ከነገሠበት ከ284 ነው። እኔ ይህን ሰው ሁልጊዜ ከገድል ውስጥ የወጣ፣ አድራሻ የሌለው ክፉ ንጉሥ አድርጌ ነበር የማስበው። አድራሻ አለው። ግቢው ውስጥ ዛሬም ሰዎች ይኖራሉ፣ ልብስ ያሰጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ። ከግብፅ የመጣ ጥቁር ስፊንክስ አደባባዩ ላይ ተቀምጧል። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ መቃብሬ ይሁን ብሎ ያሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ዛሬ ካቴድራል ነው፤ ካቴድራሉም የተሰየመው በቅዱስ ዶምኒዮስ ነው። ዶምኒዮስ እዚያው አጠገብ የነበረችው የሳሎና ከተማ ጳጳስ ሲሆን በ304፣ በዚሁ ንጉሥ ስደት የተገደለ ሰማዕት ነው። የንጉሡ አስከሬን እዚያ የለም። የሰማዕቱ መሠዊያ አለ። ቅዳሜ ጀልባዋን የምንረከበው አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያለውን ሰዓት ሁሉ ለዚህ ቦታ ሰጥቼዋለሁ። ከቡድናችን ሌላ ነገር ማድረግ የሚፈልግ ካለ መብቱ ነው፤ እኔ ግን እዚያ ቆሜ የምጸልየው ጸሎት አለኝ።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ነገር ባለቤቱን ጠይቄ፣ ስሜን አታንሺ እንጂ ንገሪ ብሎኝ ነው። ከወዳጆቻችን አንዱ ወደ አውሮፓ የገባው ከሊቢያ ተነስቶ ሜዲትራኒያንን በጀልባ ተሻግሮ ነው። ይህን ጉዞ ስናስብ መጀመሪያ እሱን እንዴት እንደምጠራው ጨንቆኝ ነበር። ለእኛ መዝናኛ የሆነው ነገር ለእሱ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እህቴ ናት፣ «እኛ ለምን እንወስንለታለን? ይጠየቅና ራሱ ይመልስ» ያለችው። ጠየቅነው። እሺም እንቢም አላለም። ጥያቄ ጠየቀን። ጀልባዋ ስንት ሰው ነው የምትይዘው? ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? ሞተሩ ቢቆም ማንን ነው የምንጠራው? ማታ የት ነው የምናድረው? መሬት ይታያል?

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ምግብ ቤትና ስለ ፎቶ ሳስብ ነበር የቆየሁት ብላችሁ አትገምቱ፤ ካርታና ንፋስ ሳጠና ነው የከረምኩት። ሆኖም እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ያህል እቅዱን ያቃናው ነገር የለም። መልሱን አንድ በአንድ ጽፌ ላክሁለት። የተመዘገበው የሰው ቁጥር ጀልባዋ ሰነድ ላይ አለ፤ ከዚያ በላይ አንድም ሰው አይወጣም። ላይፍ ጃኬቱን ቅዳሜ ማታ ገና ማሪና ውስጥ ሳለን እያንዳንዳችን ለብሰን በልካችን እናስተካክላለን። ከመካከላችን ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች፣ ዋና ጨርሶ የማትችል አለች፤ እሷ ጀልባዋ ላይ ውጭ ባለችበት ሰዓት ሁሉ አታወልቀውም፣ እኛም አብረናት እንለብሳለን። ሬዲዮው ላይ የአደጋ ጥሪው በ16ኛው ቻናል ነው፤ ስልክ ከሆነ የክሮሺያ የባሕር ነፍስ አድን ቁጥር 195 ነው። በሌሊት አንጓዝም። በመስከረም እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ እኛ ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳያልፍ ወደብ ገብተን እንታሰራለን። መሬትስ? ይህ የባሕሩ ክፍል ደሴት የበዛበት ነው፤ ቀኑ ጥርት ካለ የሆነ ደሴት ሁልጊዜ ዓይን ውስጥ አለ።

እናም መንገዱ እንዲህ ሆነ። እሑድ ብራች ደሴት ላይ ወዳለችው ሚልና፤ ከስፕሊት አሥር ኖቲካል ማይል ያህል ነው፣ የመጀመሪያ ቀን ከዚህ መርዘም የለበትም። ሰኞ ህቫር ደሴት ላይ ወዳለችው ስታሪ ግራድ። ሰዉ የሚጎርፈው በደሴቷ ስም ወደምትጠራው ወደ ህቫር ከተማ ነው፤ እኔ ስታሪ ግራድን የመረጥኩት በሜዳዋ ምክንያት ነው። ከፓሮስ ደሴት የመጡ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 እዚያ ሰፈሩና እርሻውን በድንጋይ ካብ ለክተው ተከፋፈሉት። ያ ድልድል ዛሬም አለ፤ ወይንና ወይራ አሁንም በዚያው ይበቅላል፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2008 መዝግቦታል። የርስት ወሰን ስንት ጠብ እንደሚያስነሳ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ያንን ካብ ዝም ብሎ አያልፈውም። አባቴ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

ሰኞ ማታ ስታሪ ግራድ ላይ እንወስናለን፦ ቪስ እንሄዳለን ወይስ አንሄድም? ቪስ ራቅ ብላ ወደ ባሕሩ መሐል የወጣች ደሴት ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዩጎዝላቪያ ጦር ሰፈር ስለነበረች እስከ እ.ኤ.አ. 1989 ድረስ የውጭ አገር ሰው አይገባባትም ነበር፤ ሰርጓጅ መርከብ ይደበቅበት የነበረው ዋሻ ዛሬም ይታያል። ብዙ ሆቴል ያልተሠራባትም ለዚህ ነው። በጣም ላያት እፈልጋለሁ። ነገር ግን የቪስ ከተማ ወደብ ለሰሜን ምሥራቅ ክፍት ነው፣ ማለትም ለቡራ። በማዶዋ ያለችው ኮሚዣ ደግሞ ለምዕራብ ክፍት ናት። ትንበያው ካላማረ ስታሪ ግራድ እንቆያለን፣ በብስክሌት ሜዳውን እንዞራለን፣ ቅር አይለንም። ካማረ ማክሰኞ በጠዋት ተነስተን ቪስ እንገባለን። ረቡዕን ባዶ ትቼዋለሁ። ባሕሩ ከፈቀደ ከኮሚዣ በኩል ቢሼቮ ደሴት ላይ ያለውን ሰማያዊ ዋሻ እናያለን፤ ብርሃኑ ከውኃው ሥር ገብቶ ዋሻውን የሚሞላው ረፋዱ ላይ ነው። ካልፈቀደ ወደብ ተቀምጠን እናወጋለን። ረቡዕ ስለሆነም ለሚጾመው ሰው ምግብ አለ፤ እዚያ ብሊትቫ የሚሉት ቆስጣ በድንች፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት ተሠርቶ በየምግብ ቤቱ ይቀርባል። ሐሙስ ወደ ሾልታ ደሴት፣ ዓርብ ከዚያ ወደ ስፕሊት። የዓርቧ መንገድ አጭር ናት፤ በሞተር ብቻ እንኳ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሾልታን የመረጥናት ለዚህ ነው።

ካርታው ላይ ሳየው ያስደሰተኝ ሌላ ነገር አለ። የምናድርባቸው አራቱም ደሴቶች ከስፕሊት ጋር የሚያገናኝ ትልቅ የመኪና መርከብ አላቸው። ከብራች በሱፔታር በኩል አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ከሾልታ አንድ ሰዓት ነው፣ ከስታሪ ግራድ ሁለት ሰዓት፣ ከቪስ ትንሽ ይበልጣል። ለወዳጃችን ይህንንም ጻፍኩለት፦ «የትኛውም ጠዋት ላይ በቃኝ ካልክ ትኬት እንቆርጥልሃለን፣ ብቻህን እንዳትሆን አንዳችን አብረንህ እንመለሳለን፣ ማንም ለምን አይልህም።» ይህን አንብቦ ደወለልኝ። ገና አልወሰነም። ግን መጀመሪያ ቅዳሜ መጥቶ ማሪና ውስጥ ታስራ ባለችው ጀልባ ላይ ማደር እንደሚፈልግ ነገረኝ። እሑድ ጠዋት ይወስናል። አልጋው ይያዝለታል፣ ድርሻውን ደግሞ ቢቀርም ሌሎቻችን እንሸፍነዋለን ብለን ተስማምተናል።

አሁን የቀረው ቀብዱን መክፈልና ከስኪፐሩ ጋር በስልክ መነጋገር ነው። ከመቅጠራችን በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቪስ ላይ ሆነን ለሊቱን ቡራ ይመጣል ቢባል የት ይወስደናል? ወዲያው የሚመልስልኝን ሰው ነው የምፈልገው። ከእናንተም መካከል በመስከረም በዚያ በኩል የሄዳችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ቪስ ያደራችሁ፣ የት እንደታሰራችሁና ለሊቱ እንዴት እንደነበር ጻፉልኝ። ለስኪፐሩ ከመደወሌ በፊት ባነበው ደስ ይለኛል። ሰላም ሰንብቱ።