"ብርድ መታው" ከማለት በፊት፦ ውሻና ድመት ከገና እስከ ጥምቀት

ማስተዋል፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው በጎንደር ግቢዎች ውስጥ ስላሉ ውሾችና ድመቶች ነው፤ በተለይ ከገና እስከ ጥምቀት ስላሉት ቀናት። ወቅቱ በጋ ይባላል እንጂ በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ወደ ዳባትና ደባርቅ ወጣ ካሉማ ውርጭም አለ። እና ጥር 3 ላይ ውሻው ከተኛበት አልነሣ ሲል ቤተሰቡ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ "ብርድ መታው።"

ደሳለኝ፦ ብርድ የሚመታው እንስሳ አለ፤ ቡችላ፣ ያረጀ፣ የከሳ። ነገር ግን ጎልማሳ የሀበሻ ውሻ ደረቅ ቦታ ከተኛና በልቶ ካደረ በጎንደር ብርድ ብቻ አይወድቅም። "ብርድ መታው" ብሎ ብርድ ልብስ ማልበስ ቀኑን ያስበላል። መጀመሪያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ገና ታኅሣሥ 29 ነበር። ያን ቀን ምን በላ?

ማስተዋል፦ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄ ነውና። ውሻ በዓል ከሚበላው ሁሉ የሚያሰጋኝ ሽንኩርት ነው። ዶሮ ወጥ ማለት ደግሞ ሽንኩርት ማለት ነው። ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ ደም ያንሳል። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም።

ደሳለኝ፦ መጠኑን ንገሪያቸው።

ማስተዋል፦ ለውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ጥሬ ሽንኩርት በቂ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በ150 ግራም ሊታመም ይችላል፤ አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። ድመት ደግሞ በኪሎ 5 ግራም ይበቃታል። 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት 15 ግራም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ቁሌቱ ሲቁላላ ውሃው ስለሚተን አንድ ጭልፋ ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ዓይን ከሚገምተው ይበልጣል። በወጥ የራሰ እንጀራ ፈትፍቶ ለውሻ መስጠት፣ ሥጋ ባይኖርበትም፣ ሽንኩርት መስጠት ነው።

ደሳለኝ፦ ሰው የሚታለለው ምልክቱ ስለሚዘገይ ነው። በበላ ማግስት ደኅና ይመስላል፤ ቢበዛ ያስመልሰዋል። ደም ማነሱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ነው። ታኅሣሥ 29 የበላ፣ ጥር 3 ይወድቃል። ያኔ ወጡ ተረስቷል፤ የሚታየው ብርዱ ነው።

ማስተዋል፦ ለዚህ አንድ ምርመራ አለ፤ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ያደርገዋል። የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልበጥ አድርጉና ድዱን እዩ። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው። በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ነጭ ይሆንና በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ሳትጫኑትም ድዱ የነጣ ወይም ቢጫ የሆነ ከሆነ፣ ሽንቱ ደግሞ የወፈረ ሻይ ከመሰለ፣ ያ ብርድ አይደለም። በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ደሳለኝ፦ ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ውሻ አለ። ለእሱ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ ውስጡን ማየት ነው። ከበዓሉ በፊት አንድ ቀን፣ ጤነኛ ሳለ፣ አይታችሁ ብትይዙት ለውጡን ትለዩታላችሁ።

ማስተዋል፦ ሲበላ ከታየ ግን 3 ቀን አይጠበቅም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ሐኪም በመርፌ ሊያስመልሰው ይችላል። ቤት ውስጥ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ግን በፍጹም! ጨው ራሱ ይገድላል። ወተትና ዘይትም በግድ አፉ ውስጥ አታንቆርቁሩ። የደከመ እንስሳ ሲንቆረቆርለት ወደ ሳንባው ይገባና በሽንኩርቱ ፋንታ በሳንባ ምች ይሞታል።

ደሳለኝ፦ አጥንቱንስ? "ውሻ አጥንት ካልበላ ምን ሊበላ ነው" የሚል አለ።

ማስተዋል፦ የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላል። ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፣ አንጀት ይበሳል። አሥራ ሁለቱ ብልት ከወጣ በኋላ አጥንቱን ሰብስቦ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ መክተትና ባልዲውን ጓዳ ማስገባት። ፌስታል በር ላይ ተሰቅሎ ካደረ ማታ ይቀደዳል። ዋጠ ከተባለ አታስመልሱት፤ ሲመለስም ይወጋል። 3 ቀን ተከታተሉት። ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ጀርባውን ካጎበጠ፣ ሆዱን ሲነኩት ካቃሰተ፣ ዓይነ ምድሩ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ከሆነ፣ ለማግስቱ አይቀጠርም።

ደሳለኝ፦ አሁን ወደ በጉ እንምጣ፤ ይሄኛው ሰውንም ይነካል። በግ ሲታረድ ጉበትና ሳንባ ላይ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል፤ አንዳንዴ ምስር ያህል፣ አንዳንዴ እንቁላል ያህል። አራጁ "ይሄ አይበላም" ይልና ለውሻው ይወረውርለታል። ከረጢቱ የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የምትሆን የኮሶ ዘር ትል ትሆናለች፤ በሺዎች። ከስድስት ሳምንት በኋላ ገደማ እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን አሻሽቶ እጁን ሳይታጠብ ቁራሽ ሲያነሳ እንቁላሉን ይውጣል። ያ ከረጢት ከዚያ በኋላ የሚያድገው በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ነው፤ ዓመታት ፈጅቶ።

ማስተዋል፦ ውሻው ግን ምንም ሕመም አይታይበትም።

ደሳለኝ፦ አዎ፣ ምንም። ለዚህ ነው የማይፈራው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ማቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቀብሮ ድንጋይ መጫን። ለውሻ የሚሰጥ ማንኛውም ጉበትና ሳንባ ደግሞ ተቆራርጦ፣ ከፈላ በኋላ 40 ደቂቃ ይቀቀል። አስቀድሞ በልቶ ከሆነ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት አለ፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ መሰጠት አለበት። አይቨርሜክቲን የሚባለው የትል መርፌ ለዚህ ትል አይሠራም፤ "የትል መርፌ ተወግቷል" የሚል ሰው የተወጋው ምን እንደሆነ ይጠይቅ። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን ዓይነ ምድሩን እየሰበሰባችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ።

ማስተዋል፦ የጾሙን ነገር ላንሳ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ 43 ቀን ነው። ቤቱ ሲጾም ውሻውም ድመቷም ሽሮ በእንጀራ ይበላሉ። ከዚያ በአንድ ቀን ጮማና ቅቤ። በዚህ መሀል ሆዳቸው አልለመደም፤ ተቅማጥና ትውከት ይመጣል፣ አንዳንዴ ቆሽት ይቆጣል። ስለዚህ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ጀምሩ፤ ከምግቡ ሩብ ያህሉን ጨውና ቅመም የሌለው የተቀቀለ ቀይ ሥጋ ወይም እንቁላል አድርጉ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ግማሽ፣ እያሉ ማሳደግ። ጮማው ሳይሰጥ ቢቀር ምንም አይጎድልበትም።

ደሳለኝ፦ ድመትን ግን ለይተን እንንገር። ውሻ በእህል መኖር ይችላል፤ ድመት አትችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘችው ውሎ አድሮ ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ሰው ይጾማል፤ ድመት ጾም የላትም። ሥጋ ቤት በተዘጋበት ጊዜ ከጣና የሚመጣ ዓሣ ጎንደር ላይ ይገኛል። ቀቅሎ፣ እሾሁን ለቅሞ፣ በቀን እፍኝ የምትሞላ ለአንድ ድመት መስጠት ነው።

ማስተዋል፦ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንበላቸው። የድፎ ሊጥ፦ ያልተጋገረ ሊጥ በሞቀ ሆድ ውስጥ ይነፋል፣ እየቦካም አልኮል ያወጣል፤ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። የጠላ አተላ ለከብት ቢሰጥም ለውሻ አልኮል ነው። የቡና ዝቃጭ ግቢ ውስጥ ይደፋል፤ ካፌይን አለበት፣ ቡችላ ይልሰዋል። ቸኮላትና ዘቢብም እንዲሁ ለውሻ መርዝ ናቸው።

ደሳለኝ፦ ፓራሲታሞልን አትርሺ። በዓል ነው፣ ሐኪም የለም ተብሎ ከቤት መድኃኒት ይሰጣል። አንድ የ500 ሚሊ ግራም ፍሬ ድመት ሊገድል ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለውሻም ጨጓራና ኩላሊት ያጠፋሉ።

ማስተዋል፦ ብርዱን እንመልሰው፤ እውነተኛ ብርድም አለና። የውሻ ቤት እንዴት ይሠራ?

ደሳለኝ፦ ትልቅ አይሁን። ውሻ ቤቱን የሚያሞቀው በገላው ነው፤ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ተጠቅልሎ ከተኛ ይበቃል። ወለሉ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አራት ብሎኬትና ጣውላ ይበቃል። በሩ ነፋስ ወደማይመጣበት በኩል ይዙር። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ሌሊት ያልባል፤ ጠብታው ይወርድና ውሻውን ያበሰብሰዋል። ከሥሩ ጣውላ ወይም ኮምፖንሳቶ ይመታበት። ለመኝታ አሮጌ ጨርቅ አይመከርም። ጨርቅ እርጥበት ይዞ ያድራል። የጤፍ ጭድ ወይም የስንዴ ገለባ አንድ ስንዝር ያህል ጠቅጥቆ በየሁለት ሳምንቱ መቀየር፣ የድሮውን ማቃጠል፤ ቁንጫው አብሮ ይሄዳል።

ማስተዋል፦ ቡችላና የድመት ግልገል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት የገላቸውን ሙቀት ራሳቸው መጠበቅ አይችሉም። እናታቸው ካልኖረች ሙቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ አጠገባቸው ማድረግ። ጠርሙሱ ያለ ፎጣ ያቃጥላል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሙቀት ይወስዳልና በየሦስት ሰዓቱ ይቀየር። ቀዝቃዛ ገላ ያለውን ቡችላ ወተት አትጋቱት፤ መጀመሪያ ይሙቅ።

ደሳለኝ፦ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ግን አታሙቋቸው። ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ምድጃውን ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም። ትንንሽ እንስሳት ትንፋሻቸው ፈጣን ስለሆነ ከሰው ቀድመው ይመታሉ። ድመቷ ስትራመድ ከተንገዳገደች፣ ስትጠራ ዝም ካለች፣ እሷንም ራሳችሁንም ወደ ደጅ። ያም "ብርድ መታት" ይባላል።

ማስተዋል፦ ድመት ሌሊት ሙቀት ፍለጋ መኪናና ባጃጅ ሞተር ውስጥ ትገባለች። ጠዋት ከማስነሳት በፊት ኮፈኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ።

ደሳለኝ፦ ጥምቀት ላይ ደርሰናል። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው ሌላ ከተማ ነው። ከበሮ፣ ጥሩንባ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ርችት፣ በየመንገዱ ሰው። ውሻ የሚጠፋው ያን ከሰዓት ነው። በአጥር ሥር በሰንሰለት ታስሮ የቀረ ውሻ ደግሞ ደንግጦ አጥሩን ሲዘል ሰንሰለቱ ያንቀዋል። በሰንሰለት አይታሰር። ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት አንድ ሰዓት ያህል አዙራችሁ አድክሙት፣ አብሉት፣ ከዚያ ሰው ወጣ ገባ ከማይልበት ክፍል አስገቡና መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዱ። ሬዲዮ በለሆሳስ ይከፈት።

ማስተዋል፦ አንገት ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍበት። ማሰሪያው ሁለት ጣት ያስገባ፤ ከዚያ ከሰፋ ይሾልካል። ማረጋጊያ መድኃኒት የሚፈልግ ውሻ ካለ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ሰውነቱን ብቻ ያስራል፣ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነው።

ደሳለኝ፦ የእብድ ውሻ ክትባትም ቀን አለው። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፤ የመጀመሪያው ክትባት እንደ ጸና የሚቆጠረው ከ28 ቀን በኋላ ነው። ለከተራ እንዲደርስ እስከ ታኅሣሥ 12 መከተብ አለበት ማለት ነው። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ጠባሳ እስኪሆን አይጠበቅም።

ማስተዋል፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ የግል ክሊኒኮችም አሉ። በዓሉ ሳይደርስ ደውላችሁ በታኅሣሥ 29 እና በጥር 11 ማን ተረኛ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቁጥሩንም በር ላይ ለጥፉት።

ደሳለኝ፦ ብዙ ሰው ጥር 11 ማታ በሩን ይከፍታል። ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ገና እየተመለሰ ነው፤ ጭፈራውም እንዳለ ነው። ውሻውን እስከ ጥር 12 ማታ አቆዩት። ስትለቁትም መጀመሪያ አጥሩን ዙሩት፤ በሁለት ቀን ውስጥ የተነቀነቀ ቆርቆሮ፣ የተከፈተ ቀዳዳ አይጠፋም።