ልጆቹ ይጻጻፉ
(በንባብ ክበባችን የሰመር መዝጊያ ላይ ለወላጆችና ለልጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የክበባችን ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እሁድ ከሰዓት ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ፣ እንቅልፍ ሳይጠግባችሁ ነው ወደዚህ ሴንት ፖል የነዳችሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡናው እስኪደርስ ድረስ ስለ አንድ መጽሐፍና ስለ ሁለት ጸሐፊዎቹ ላውራችሁ።

ልጆቹ ዘንድሮ ካነበቧቸው መጻሕፍት ውስጥ አንዱን በድምፅ እንዲመርጡ አድርገን ነበር። ያሸነፈው «ሶርሰሪ ኤንድ ሲሲሊያ» የተባለው ልብ ወለድ ነው። ለወጣቶች የተጻፈ፣ አስማት ያለበት፣ የሚያስቅም ልብ የሚሰቅልም መጽሐፍ ነው። የጻፉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ፓትሪሻ ሪዲና ካሮሊን ስቲቨርመር። ሁለቱም ኑሯቸውን እዚሁ ሚኒሶታ ያደረጉ፣ እኛ የምንጠርገውን በረዶ የጠረጉ ሴቶች ናቸው። የእኛ ልጆች የመረጡት የጎረቤቶቻቸውን መጽሐፍ ነው። ይህ በጣም አስደስቶኛል።

ላላነበባችሁት ትንሽ ልንገራችሁ። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 1817 ነው። እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበርን። ቦታው እንግሊዝ ነው፤ ግን አስማተኞች የራሳቸው ንጉሣዊ ኮሌጅ ያላቸው እንግሊዝ። ኬትና ሲሲሊያ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ አብረው ያደጉ፣ የማይለያዩ። አንድ ቀን ግን ኬት ወደ ለንደን ትሄዳለች፣ ሲሲሊያ ኤሴክስ ገጠር ትቀራለች። ስለዚህ ይጻጻፋሉ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ደብዳቤ ነው።

ኬት በዚያ ኮሌጅ ውስጥ አንዲት ትንሽ በር ከፍታ ወደ አትክልት ቦታ ትገባለች። እዚያ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። ከሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ትኩስ ቸኮላት ልትቀዳላት ትላለች። ቸኮላቱ መርዝ ነው። ሴትዮዋ ልትገድል የፈለገችው ኬትን አይደለም፤ መልኩን በአስማት የለወጠ ሌላ ሰው መስላት ነው። ልጆቻችን ያቺን ማንቆርቆሪያ «ሰማያዊዋ ጀበና» ነው የሚሏት። ሰመሩን ሙሉ ስለ ሰማያዊዋ ጀበና ሲከራከሩ ነው የከረሙት።

አሁን ዛሬ ልነግራችሁ ወደመጣሁበት ልግባ። ይህ መጽሐፍ እንዴት ተጻፈ?

ሁለቱ ጓደኛሞች መጽሐፍ እንጻፍ ብለው አልተነሡም። ጨዋታ ነው የጀመሩት። «የደብዳቤ ጨዋታ» ይባላል። ፓትሪሻ ሲሲሊያን ሆነች፣ ካሮሊን ኬትን ሆነች። አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። ሕጉ አንድ ነው፦ በሚቀጥለው ምን እንደሚሆን ለጓደኛሽ እንዳትነግሪ! ፓትሪሻ በደብዳቤዋ አንድ ጉድ ታመጣለች፤ ካሮሊን ፖስታውን ስትከፍት እንደ ማንኛውም አንባቢ ትደነግጣለች፣ ከዚያ የራሷን ጉድ ይዛ ትመልሳለች። ጨዋታው ሲያልቅ ነው በእጃቸው መጽሐፍ እንዳለ የገባቸው። በ1988 ታተመ።

ወላጆች፣ ስለ ፓትሪሻ ሪዲ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። እንደሚያስደስታችሁ አውቃለሁ። እዚሁ ኖርዝፊልድ ካርልተን ኮሌጅ ባዮሎጂ ተምራለች። ከዚያ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ ማስተርስ ይዛለች። በፋይናንስ ባለሙያነት ስትሠራ ቆይታ፣ በ1985 ሥራዋን ትታ ሙሉ ጊዜዋን ለመጻፍ ሰጠች። ልጆቻችሁ እንዲሆኑ የምትመኙትን ሁሉ ሆና ያየች ሴት ናት። ያንን ሁሉ ካየች በኋላ ነው ከጓደኛዋ ጋር ደብዳቤ ለመጫወት የተቀመጠችው።

እኛ ደሴ ያደግን ሰዎች ይህን ጨዋታ እናውቀዋለን። ስሙን ነው የማናውቀው።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ልጃቸው በሱዳን አድርጎ ሳዑዲ ገብቶ ነበር። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። እኔ ትምህርት ቤት እገባ ስለነበር የሚያስጽፉት እኔን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠሩኛል። ቆሎ ይቀርብልኛል፣ እስክሪብቶው ይሰጠኛል፣ «በይ ጻፊ» ይሉኛል። አጀማመሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ለማይረሳው ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።» ከዚያ ስለ ላሟ ያስጽፉኛል። ቡሬ የምትባል ላም ነበረቻቸው። ልጁ ጥጃ ሆና ያሳደጋት ናት።

ቡሬ ሞታ ነበር። ልጁ በሄደ በዓመቱ ነው የሞተችው። እሳቸው ግን በደብዳቤ አልገደሏትም። «ቡሬ ደህና ናት ብለሽ ጻፊ» ይሉኛል። በሌላው ጊዜ «ወለደች በይ» ይሉኛል። ከዚያ ጥጃዋ ስም ወጣላት። ከዚያ ጥጃዋ የጎረቤት ጎመን በልታ ጠብ ተነሣ። ጠቡን በሽማግሌ አስታረቁት። ሽማግሌዎቹ ማን ማን እንደነበሩ፣ ምን እንደተናገሩ፣ ማን እንደተኮሳተረ ሁሉ አስጽፈውኛል። እኔ እየሳቅኩ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ግን አይስቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥጃዋን እያዩዋት ነው የሚናገሩት።

ልጁም ይመልሳል። መልሱ ሲመጣ ሰፈሩ ይሰበሰባል። እኔ ቆሜ አነባለሁ። «ቤት ተከራይቻለሁ» ይላል። በሌላው ጊዜ ቤቱ በረንዳ አወጣ። ከዚያ በረንዳው ላይ የሎሚ ዛፍ በቀለ። «ጥጃዋን ጎመን እንዳትነካ ምከሩልኝ፣ ሎሚው ሲደርስ እልክላታለሁ» ብሎ የጻፈ ቀን ቤቱ በሣቅ ፈረሰ።

በመጨረሻ ልጁ ተመለሰ። በሩ ላይ እናቱን አቅፎ «ቡሬስ?» አላቸው። እሳቸውም «ሎሚውስ?» አሉት። ለካ ስምንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያድረው። ሁለቱም ያውቁ ነበር። አንዳቸውም ለሌላቸው አልተናገሩም። ያንን ሁሉ ዓመት በዚያ ጥጃና በዚያ የሎሚ ዛፍ ተደጋግፈው ነው ያለፉት።

ስለዚህ አንድ ሰው ቆሞ «ልብ ወለድ ምን ይጠቅማል?» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ዘንድሮም ተብሏል። ሰመሩ ሲጀመር፣ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ባቀረብንበት ስብሰባ ላይ፣ «ልጆቻችን ተረት እንዲያነቡ ነው እንዴ ውቅያኖስ ያቋረጥነው?» ተባለ። ተጨበጨበለትም። በሳምንቱ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ መለሰችልኝ። ቤት ውስጥ «ጥንቆላ ነው» ተብላ ነው። የገጽ ምልክቷ አሁንም ውስጡ ነበር። የሲሲሊያ ወንድም ኦሊቨር በአስማት ዛፍ የሚሆንበት ቦታ ላይ ደርሳለች። ቀና ብላ ሳታየኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ኦሊቨር ሰው ሆኖ ይመለሳል?»

ዝርዝሩን ነገርኳት። ነገር ግን ያ ጥያቄ የሚነገር አልነበረም፤ የሚነበብ ነበር። ልጅቷ ራሷ ልትደርስበት ይገባ ነበር። ያንን ነው የነጠቅናት።

እኔም ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። ለእምነታችሁ ያላችሁን ጥንቃቄ አከብራለሁ። ግን እስቲ እንነጋገር። አክሱም ላይ ስለነገሠው ዘንዶ ስለ አርዌ ማን ነገረን? ሕዝቡ ሴት ልጁን ይገብርለት እንደነበር፣ መርዝ በበላች ፍየል እንደተገደለ የነገሩን አያቶቻችን ናቸው። ማታ ማታ፣ እሳት ዳር። አያ ጅቦ ሰው መስሎ በር ሲያንኳኳ ሰምተን በጋቢ ተጠቅልለን የተኛን ልጆች ነን። ማናችን ጠንቋይ ሆንን? ነርስ ሆንን። ሹፌር ሆንን። ኢንጂነር ሆንን። ልጅ ወልደን አሳደግን። እነዚያ ተረቶች ፍርሃትን ከመኝታችን ሳንነሣ ያስለመዱን ናቸው። ለእኛ የተፈቀደው ለልጆቻችን በምን ምክንያት ይከለከላል? በእንግሊዝኛ ስለሆነ?

ታዲያ ራሳችን አማርኛውን ተረት ነግረናቸዋል? ስንቶቻችን ነን በዚህ ዓመት ለልጃችን አንድ ተረት፣ አንድ ብቻ፣ ተቀምጠን የነገርነው? ዘንዶውን ደብቀንባቸዋል፤ ጅቡን ደብቀንባቸዋል፤ የቀረላቸውን መጽሐፍ ደግሞ በፌስታል እየጠቀለልን እንመልሳለን። ይህ አግባብ አይደለም። ልጅ ያለ ምናብ አይደግ! ይህን ለመናገር ነው ዛሬ የቆምኩት።

ሌላም አለ። «መጻፍ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ሥራ ነው፤ ሁለት ልጆች ሲጻጻፉ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉም አሉ። የክብረ ነገሥትን መጨረሻ ተመልከቱ። ወደ ግዕዝ የመለሰው ይስሐቅ የራሱን ስም ብቻ ጽፎ አልሄደም። አብረውኝ ደክመዋል ብሎ ይምሕረነ አብን፣ ሕዝበ ክርስቶስን፣ እንድርያስን፣ ፊልጶስን፣ መሐሪ አብን በስም ጠቅሷል። የግዕዙን መዝገበ ቃላት ደግሞ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጡት፣ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓመተ ምሕረት አሳተሙት። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። አብሮ መጻፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ስለ ሁለቱ ደራስያን አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልጨርስ። መጽሐፋቸው ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። ለዓመታት አልታተመም። ያነበቡት ሰዎች ግን አልረሱትም፤ አሮጌ ቅጂ እያሳደዱ ይገዙ ነበር። በ2003 እንደገና ታተመ። ከዚያ ኬትና ሲሲሊያ በ2004 እና በ2006 ሁለት ተጨማሪ መጻሕፍት ይዘው ተመለሱ። ይህን ያደረጉት አንባቢዎች ናቸው። ፓትሪሻና ካሮሊን ይህን አዳራሽ አያውቁትም፤ ግን ከአማርኛ ተናጋሪ ቤት የወጡ ልጆች መጽሐፋቸውን አንብበው እስኪነጋ ተከራክረውበታል። ክብር ይገባቸዋል፤ እጃችሁን አንሡና አጨብጭቡላቸው።

አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ። መጽሐፉን እንደጨረሱ ራሳቸው የደብዳቤውን ጨዋታ ጀምረዋል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ከጥንዶቹ አንዷ እዚህ ናት፣ የአክስቷ ልጅ አዲስ አበባ ናት። የአዲስ አበባዋ በአማርኛ ትጽፋለች፣ የእኛዋ በእንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ ትመልሳለች። ስድስተኛው ደብዳቤ ላይ ደርሰዋል። አማርኛዋ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ምን ያህል እንደተቃና አይቼዋለሁ፤ እናትና አባቷም አይተውታል።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድማችሁ አትጠይቋቸው። ስልኩን ይዘው ሲስቁ ካያችኋቸው ተዉአቸው። በፖስታ መላክ ከፈለጉ ቴምብር ግዙላቸው። በፌስታል የተመለሰው መጽሐፍ ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የገጽ ምልክቱን አላወጣሁትም። የልጅቷ ወላጆች እዚህ ካላችሁ ስትወጡ ውሰዱላት።

ሁለቱ ልጆች የመጀመሪያውን ደብዳቤና መልሱን ያነቡላችኋል፤ የአዲስ አበባዋ በስክሪኑ ላይ ናት፣ እዚያ ሌሊት ስለሆነ አናስጠብቃት። ኑ ልጆች፣ ማይኩን ውሰዱ።