ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆቻችንን ለነርስነት እናዘጋጅ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ ከባቲ፣ ከከሚሴና ከሐይቅ መንገድ አቋርጣችሁ ደሴ የገባችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ብዙ አጀንዳ አለን። እኔ የማነሳው አንዱን ብቻ ነው፤ በመጪው ክረምት ልንጀምረው ያሰብነውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሥልጠና።

ተረኛ ሆናችሁ የምታዩትን ታውቁታላችሁ። አንዲት እናት ከባቲ በኩል ትመጣለች። የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው። አብሯት ያለው ትንሽ ልጇ ነው። ከወሊድ በኋላ ስለሚፈሳት ደም የምንጠይቃት በእሱ በኩል ነው። እሷ ታፍራለች፣ እሱ ይደነግጣል፣ እኛ ግማሹን ሰምተን ካርዱ ላይ እንጽፋለን። ይህ ያመኛል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድለትም። እዚያ ስፓኒሽ የሚናገሩ ታዳጊዎችን በእረፍታቸው ወራት ወደ ነርስነት የሚያስጠጉ ሥልጠናዎችም አሉ።

እኛም ልጆቹ አሉን። በአፋን ኦሮሞ ፊደል ቆጥረው፣ አማርኛውን ከጎረቤትና ከገበያ የለመዱ ናቸው። በባቲ የሰኞ ገበያ አፋርኛም የሚሞክር አይጠፋም። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና ይከብዳቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንርሳ። ስለዚህ የክረምቱ ግማሽ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ይሁን። ጋውን አልብሰን ሆስፒታል ብናስጎበኛቸው ብቻ ፈተናውን አያልፉም።

ሌላው ግማሽ የእጅ ሥራ ነው። የሕፃን ትንፋሽ መቁጠርን ውሰዱ። ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ ጸጥ ሲል ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ሆዱን እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ዓመት ላልሞላው፣ ከ2 ወር ጀምሮ፣ 50 ከደረሰ ፈጣን ነው። ከዓመት እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40። ሕፃኑ ካለቀሰ ቆጠራው ይበላሻል። እናቱን በቋንቋዋ ማረጋጋት የቻለ ሰው ነው በትክክል የሚቆጥረው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ዱቄት፣ ኦአርኤስም እንደዚሁ ነው። አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል። በአንድ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨውነቱ ሕፃኑን ይጎዳዋል። ተማሪው ለእናትየዋ ነግሯት ዝም አይልም፤ እንዴት እንደምትበጠብጠው መልሳ እንድትነግረው ይጠይቃል። ይህን ሁሉ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይለማመዱታል። ያለ እኛ ታማሚ ዘንድ አይገቡም፤ የሰሙትንም ምስጢር ውጭ አያወሩም።

የሚያሳስበኝ ማደሪያው ነው። የባቲ ልጅ ቆላ የለመደ ነው፣ የደሴን የሐምሌ ብርድ አይችለውም። ቤት እንዳይከራይ አቅም የለውም። ግን አብሽሩ፣ ወሎ እንግዳ ማሳደር አያቅተውም። ሁለት ልጅ የምታስተኙበት ክፍል ያላችሁ አባላት፣ ብርድ ልብስ ጨምራችሁ ተቀበሏቸው። ሴት ልጆቹን ሴት አባላት ቤት እንድናሳድራቸው እለምናለሁ፤ አለዚያ ወላጆቻቸው አይለቋቸውም፤ እውነታቸውን ነው።

የምታስተምሩ ቀናችሁን፣ የምታሳድሩ ስንት ልጅ እንደምትወስዱ በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ ጻፉልን። ከምሳ በኋላ በጀቱን እናያለን። ጉባኤው ተከፍቷል።