አራት ብሎን ወይስ አምስት?

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃንና የአካባቢው መካኒኮች፣ የቦዲ ባለሙያዎች፣ ሰልጣኞች፣ ይህን የጠዋት ብርድ ችላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስትገቡ በሩ ላይ የቆመችውን መኪና አይታችኋል። ዝቅ ያለች ናት፣ የፊት መስታወቷም አጭር ነው። ፖርሽ 356 ስፒድስተር የሚባለው የድሮ የጀርመን የስፖርት መኪና አምሳያ ናት። ፖርሽ ግን አይደለችም። ከታች ያለው ያረጀ ቮልስ ነው። ላሜራዋን የቀጠቀጥነው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው።

ቀለሟ እንደደረቀ ሰሞን ለሰው ላሳያት አወጣኋት። ብዙ ሰው ከበባት። ፎቶ ተነሱባት። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መጡ። በወጣትነታቸው ቮልስ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዴ ዞሯትና ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ይቺ የስንት ዓመተ ምህረት መኪና ናት?» አሉኝ።

«በፈረንጅ የ1956 ናት፣ አባቴ።»

«ታዲያ ቸርኬዋን ለምን አራት ብሎን አደረግከው? የድሮ ቮልስ እኮ አምስት ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ፖርሽ ነድተው አያውቁም። ግን ልክ ነበሩ። የድሮው ቮልስ ቸርኬ የሚታሰረው በአምስት ብሎን ነው። ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር ነው። የዚያ ዘመን ፖርሽም ያንኑ ይጠቀም ነበር። ቮልስ ባለ አራት ብሎን እየሆነ የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ የገዛሁት ቮልስ ከዚያ በኋላ የተሰራ ነበር። ስለዚህ መኪናዬ በጎማዋ ብቻ ከአስር ዓመት በላይ ዘመኗን ስታለች። ወራት የፈጀ ልፋት በአራት ብሎን ተጋለጠ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። የድሮ መኪና አምሳያ ስትሰሩ መጀመሪያ አንድ ዓመት ምረጡ። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ለዚያ ዓመት ይታዘዝ።

በቮልስ መጀመራችን ለአገራችን ስለሚመች ብቻ አይደለም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። የ356ን ሥራ የመራው ደግሞ ልጁ ፌሪ ነው። በ1948 የተጀመሩት የመጀመሪያዎቹ 356 መኪናዎች ብዙ ዕቃቸው ከቮልስ የተወሰደ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ነው። በአየር ይቀዘቅዛል። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ሁለቱ መኪናዎች ዘመዳሞች ናቸው።

ግን ርዝመታቸው ይለያያል። በቮልስ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 240 ሳንቲ ሜትር ነው። በ356 ደግሞ 210 ነው። ስለዚህ ወለሉን ቆርጠን 30 ሳንቲ አሳጠርነው። ይህን ሥራ ለጀማሪ አትስጡ። ብየዳው የሰው ሕይወት የሚሸከም ነው። ሳያሳጥሩ ቦዲውን የሚጭኑ አሉ። ያኔ መኪናዋ ትረዝማለች። ሰው ምን እንደጎደላት ባያውቅም ዓይኑ አይቀበላትም።

አሁን ዓመት ወደ መምረጡ ልመለስ። ስፒድስተር በ1954 ወጣ፣ እስከ 1958 ተሰራ። አራት ዓመት አጭር ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙ ለውጥ አለ። መጀመሪያ የነበሩት ቸርኬዎች 16 ኢንች ናቸው፣ ቀጫጭን። በ1955 መጨረሻ ላይ 356ኤ የሚባለው ሲመጣ 15 ኢንች ሆኑ፣ ሞተሩም ወደ 1600 ሲሲ አደገ። የኋላ መብራቶቹ እስከ 1957 መጀመሪያ ድረስ በየጎኑ ሁለት ሁለት ክብ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የእንባ ጠብታ የሚመስል አንድ አንድ መብራት መጣ። እንግዲህ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ መኪና ላይ የእንባ ጠብታ መብራት ብትገጥሙ፣ እንዲህ ያለ መኪና ከፋብሪካው ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱም ዕቃ እውነተኛ ቢሆን እንኳ መኪናዋ ሐሰት ትሆናለች። እኔ 1956ን መረጥኩ። ክብ መብራት፣ 15 ኢንች ቸርኬ፣ ባለ አምስት ብሎን።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰፊ ጎማ ያምራል ይላሉ። የዚያ መኪና ጎማ ስፋቱ ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ነበር። መኪናዋ ፓራፋንጎዋ ሥር ቀጠን ባለ ጎማ ስትቆም ነው ስፒድስተር የምትመስለው።

ሌላው ምቾት መጨመር ነው። ስፒድስተር የተወለደው በአሜሪካ ያለው አስመጪ ማክስ ሆፍማን ርካሽ መኪና ስለፈለገ ነው። ዋጋው ከ3000 ዶላር በታች እንዲሆን ነበር የተፈለገው። ስለዚህ የሚወርድና የሚወጣ የበር መስታወት የለውም። ዝናብ ሲመጣ በጎን መጋረጃ ይሰካል። ጣራው ስስ ሸራ ነው። እዚህ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ መስታወት መግጠም ደግነት አይደለም። የመኪናዋ ውበት ከባዶነቷ የመጣ ነው።

ቀለሙንም አስቡበት። ዛሬ ሁሉም ሰው ከቀለሙ ላይ ክሊር የሚባለውን ቀለም አልባ አንጸባራቂ ቅብ ይደርባል። መኪናው ብርጭቆ ውስጥ የገባ ይመስላል። ያ አንጸባራቂነት የኋላ ዘመን ነው። እኛ ክሊሩን ትተን ቀለሙን ብቻ ቀብተን በእጅ ወለወልነው።

ምንጣፍ ያገኘነው ከቅርብ ነው። የናይሎን ምንጣፍ ሞከርን፣ አልሆነም። የዚያን ጊዜው የተሸመነ ሱፍ ነበር። ሱፍ ፍለጋ ደግሞ ጀርመን መሄድ አያስፈልገንም። መንዝ አለ። ባና የሚሰሩ እናቶችና አባቶች የበግ ፀጉሩን ፈትለው፣ ጥብቅ አድርገው ሸመኑልን። ከመቀመጫው ኋላ ያለውን በእጃችሁ ዳስሱት። ከመኪናዋ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ዘመኑን አውቄ የጣስኩበትም ቦታ አለ። መጀመሪያ ፍሬን። የዚያ ዘመን ፍሬን የዘይት መስመሩ አንድ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ይህን አይቀበልም። ከኋላ ዘመን ቮልስ ባለ ሁለት መስመሩን ወስጄ ገጠምኩ። ከሥር ስለሆነ አይታይም። ቢታይም አልጸጸትም። የወገብ ቀበቶም አስሬያለሁ።

ሁለተኛ ባትሪ። የ1956ቷ 6 ቮልት ነበረች። በታኅሣሥ ውርጭ በ6 ቮልት ሞተር ማስነሳት ምን እንደሚመስል ለደብረ ብርሃን ሰው አላስረዳም። 12 አድርጌዋለሁ።

ሦስተኛ ካርቡራቶር። እዚህ ከባህር ጠለል ወደ 2800 ሜትር ከፍ ብለናል። አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ቤንዚኑን የምታሳልፈውን ትንሿን ቀዳዳ በጠባብ ቀይሩ። ውጪው እንዳለ ይቆያል።

ሰልጣኞች፣ አንድ ነገር አደራ። የሻንሲ ቁጥር አትንኩ። አምሳያ ስትሸጡ አምሳያ ነው ብላችሁ ሽጡ። ወረቀቱም ቮልስ ይበል።

ያን ቀን ቁጢጥ ያሉት አዛውንት ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል። ባለ አምስት ብሎኑን የጎማ ማሰሪያ ፈልገው ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። እኛ ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የምንለው ከጣልያን ጋር የመጣ ቃል ነው። ቃሉን ያቆዩልን እንደ እሳቸው ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። የጋራዥ እውቀታችንም አብሮ ቆይቷል። አባቴ፣ አመሰግናለሁ።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። የዚያ ዘመን ፖርሽ የሚታዩ ብሎኖቹ በአብዛኛው አናታቸው ላይ አንድ ስንጥቅ ብቻ ያላቸው ናቸው። ባለ መስቀሉ አይሆንም። ዳሽቦርዱን ስታዩ ስምንት ባለ መስቀል ታገኛላችሁ። ስላጣሁ ነው የገጠምኳቸው። በየቤታችሁ የተጣለ አሮጌ ሬዲዮ፣ የቁም ሳጥን ማጠፊያ፣ የድሮ ቮልስ ዕቃ ይኖራል። ኒኬል የተቀባች፣ ባለ አንድ ስንጥቅ፣ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ካገኛችሁ አምጡልኝ። ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ካቻቢቴውም መቀመጫው ላይ አለ። ኑ፣ እንያት።